«የማይጠፋ ከሆነ ለምን እንቆጥባለን?» ስለ ኃይልና ስለ አዲሱ ፊዚክስ ለተራው ጠያቂ በሚሰጡት መልሶች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ፊዚክስ ለሕዝብ የሚቀርቡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት ደራሲው ምን ያህል ያውቃል በሚለው መለኪያ ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከጠያቂው ወገን ሆነን ልንመረምረው አስበናል። ጠያቂ የምንለውም ፊዚክስን ጥቂት ብቻ የተማረ ወይም ጭራሹን ያልተማረ፥ ነገር ግን የመብራት ሒሳብ የሚከፍል፥ ጋዜጣ የሚያነብ፥ ዜና የሚያዳምጥና «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ብሎ ከመጠየቅ የማይቦዝን ሰው ነው። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፥ ይህ ሰው በበኩሉ የሚገባውን አድርጓል። የሚቀረው የመላሹ ድርሻ ነው፤ እኛም የምንተቸው ይህንኑ የመላሹን ድርሻ ይሆናል።

ከብዙዎቹ ጥያቄዎች መካከል አራቱን መርጠናል። አንደኛ፥ ኃይል የማይፈጠርና የማይጠፋ ከሆነ ቆጥቡ የምንባለው ለምንድር ነው? ሁለተኛ፥ ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል ሲባል በቀን ነው፥ በወር ነው፥ ወይስ በዓመት? ሦስተኛ፥ አንስታይን እንዳስተማረው ቁስ ሁሉ ኃይል ከሆነ፥ ድንጋይ በሞላበት አገር ለማገዶ ፍለጋ ተራራ የሚወጣው ስለ ምንድር ነው? አራተኛ፥ ባዶው ጠፈር እንኳ ኃይል አለው ከተባለ፥ ከዚያ መቅዳት የማይቻለው ለምንድር ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለጨዋታ ያህል የሚነሡ አይደሉም። በአገራችን የአብዛኛው ቤተሰብ ምግብ እስከ ዛሬ ድረስ የሚበስለው በእንጨት፥ በከሰልና በኩበት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ግድቡ በ2025 ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ስለ ኑክሌር ጣቢያ ግንባታ ከሩሲያ ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈርሟል። ስለዚህ ዜጋው በብዙ ገንዘብና በብዙ ዓመት ስለሚለኩ ነገሮች አሳብ እንዲሰጥ እየተጠየቀ ነው። የተጠየቀውን ነገር ስምና መጠን ካላወቀ የሚሰጠው አሳብ ሳይሆን ጭብጨባ ወይም ማጉረምረም ብቻ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ስለ ቃላቱ

ከመልሶቹ በፊት የመልሶቹን ቋንቋ መመርመር ይገባል። በአማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። «የመሬት ስበት ኃይል» እንላለን፤ «የፀሐይ ኃይል» እንላለን፤ «5,150 ሜጋዋት ኃይል» እንላለን። በፊዚክስ እነዚህ ሦስቱ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መግፋትና መሳብ ነው። ሁለተኛው ሥራ ለመሥራት የሚያስችለው ሀብት ነው። ሦስተኛው ያ ሀብት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈስ የሚነግረን መጠን ነው። «ጉልበት» የሚለው ቃል ይረዳን ይሆናል ብንል እርሱም የራሱ ጣጣ አለበት፤ የሞተርን አቅም የምንለካበት «የፈረስ ጉልበት» ከሦስቱ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ጋር ነው፤ አንዱ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ስለሆነ።

እንግዲህ መላሹ ሦስቱን ነገሮች በአንድ ቃል እያፈራረቀ ሲናገር ጠያቂው ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ መግፋትንና መሳብን «ጉልበት»፥ በሒሳብ የሚቆጠረውን ሀብት «ኃይል»፥ የሚፈስበትን ፍጥነት ደግሞ «የኃይል ፍሰት» እያልን እንጽፋለን። ሌላ ደራሲ ሌሎች ቃላትን ቢመርጥ አንቃወምም፤ የምንቃወመው ሳይመርጡ መጻፍን ነው።

ሁለቱን ሌሎች ቃላት ደግሞ እንመልከት፤ እነርሱም «ማመንጨት» እና «ፍጆታ» ናቸው። ማመንጨት ከምንጭ የወጣ ነው። ፍጆታም ከፈጀ የመጣ ነው። ላይ ላዩን ለተመለከተው ሰው ሁለቱም የፊዚክስን ሕግ የሚጥሱ ይመስላሉ፤ አንደኛው ኃይል እንደ አዲስ የሚፈልቅ፥ ሁለተኛው ኃይል የሚያልቅ ያስመስላልና። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሕዝቡን ሲያርሙት እንሰማለን። እርማቱ ግን የችኮላ ይመስለናል። ምንጭ ውኃን አይፈጥርም፤ በምድር ውስጥ የነበረውን ወደ ላይ ያወጣዋል። ማመንጫውም እንዲሁ በወንዙ ውስጥ የነበረውን በሌላ መልክ ያወጣዋል። ፍጆታም ቢሆን ከዚህ በታች እንደምናሳየው በእውነት የሚያልቅ ነገር መኖሩን ይመሰክራል። የሕዝቡ ቃል በሦስቱ ነገሮች መደባለቅ የሚወቀሰውን ያህል በእነዚህ በሁለቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

፪. ስለ ሜጋዋት

ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድመን የምናነሣው ቃላቱን ከለየን በኋላ መልሱ ቀላል ስለሆነ ነው። 5,150 ሜጋዋት በቀንም በዓመትም አይደለም። የኃይል ፍሰት ነው፤ ይኸውም የቧንቧ አፍ ስፋት እንደ ማለት ነው። ቧንቧው በደቂቃ ስንት ሊትር ማፍሰስ እንደሚችል ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማታ በርሜሉ ውስጥ ስንት ሊትር እንደተጠራቀመ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ዋት የመጀመሪያውን ይለካል፤ በቤታችን ቆጣሪ ላይ የምናየው ኪሎዋት ሰዓት ሁለተኛውን ይለካል።

የግድቡ ተርባይኖች ሁሉ ዓመቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ ወደ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ይወጣ ነበር። በዕቅድ የተያዘው ግን ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ሲሶውን ጥቂት ቢያልፍ ነው። ምክንያቱ ጉድለት አይደለም። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ የክረምት ወንዝ አይደለምና፥ ተርባይኖቹን ሁሉ ዘወትር የሚያዞር ውኃ አያመጣም። ሰፊው አፍ የተሠራው ብዙ ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ብዙ ለማፍሰስ ነው። «ግድቡ በዓመት 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስናነብ ግን «ይህ ቧንቧ በዓመት የሦስት ጣት ስፋት ይሰጣል» እንደ ማለት ነውና ምንም ፍቺ የለውም። ፍቺ የሌለውን ዓረፍተ ነገር አንባቢው በአክብሮት ሲቀበለው ማየት የሚያሳዝን ነው።

ቁጥሩ በሰው ልክ ሲመጣ ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ በሁለት ምሳሌ እናሳይ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል እንበል። አንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። አንድ ጎልማሳ ሰው በቀን ከሚበላው ምግብ የሚያገኘው ኃይል፥ 2,400 ኪሎካሎሪ ብንለው፥ ወደ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ጋገራ አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ከሚያኖረው ምግብ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ደግሞ ከ130 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፥ በመንገድ ምንም ሳይባክን የሚሰጠው 0.35 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚያች ለአንድ ሰዓት ጋገራ 10 ሜትር ኩብ፥ ማለት ባለ 200 ሊትር በርሜል 50 በርሜል ውኃ ከዚያ ከፍታ መውረድ አለበት። በእውነቱ ጥቂት መባከኑ ስለማይቀር ከዚህም ይበልጣል። ይህን ያወቀች የቤት እመቤት ምጣዱ እንደ ሞቀ ጋግራ መጨረስ የሚሻልበትን ምክንያት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ከዚህ ቁጥር ትረዳዋለች።

፫. ስለ አለመጥፋት

አሁን ወደ አንደኛው ጥያቄ እንመለስ። ኃይል የማይጠፋ መሆኑን ያወቁት ሊቃውንት ጥቂት አይደሉም፤ ሐኪሙ ማየር በ1842፥ ጁል በዚያው አሥርት ዓመት ባደረገው ተደጋጋሚ ልክ፥ ሄልምሆልትዝ በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ከየበኩላቸው አጽንተውታል። ከ70 ዓመት ያህል በኋላም፥ በ1918፥ ኤሚ ኖተር የተባለችው የሒሳብ ሊቅ ሥሩን ገለጠችው፤ የተፈጥሮ ሕጎች ከዛሬ ወደ ነገ የማይለወጡ በመሆናቸው ምክንያት ይህ መጠን ሳይለወጥ መኖር እንዳለበት አረጋገጠች። መላው ጠፈር እየሰፋ ሲሄድ ሒሳቡ እንዴት እንደሚያዝ ሌላ ውስብስብ ጉዳይ ነው፤ ለቤትና ለፋብሪካ ግን ሕጉ አንዳች እንከን አልተገኘበትም።

ይህን ሕግ ለተማሪ ለማስረዳት ከቀረቡት ምሳሌዎች እጅግ የታወቀው ሪቻርድ ፋይንማን በካሊፎርኒያ ለተማሪዎቹ የሰጠውና በ1963 በመጽሐፍ የታተመው ነው። አንድ ልጅ 28 የማይሰበሩ ኩቦች አሉት፤ እናቱ ማታ ማታ ትቈጥራቸዋለች። አንድ ቀን ሲጎድልባት ከምንጣፍ ሥር ታገኘዋለች፤ ሌላ ቀን በመስኮት ተጥሎ ይገኛል፤ ሌላ ቀን ሣጥኑን መክፈት ስለተከለከለች መዝና በክብደቱ ታውቃለች፤ ሌላ ቀን የገንዳው ቆሻሻ ውኃ ከፍ ማለቱን ለክታ ታውቃለች። ድምሩ ሁልጊዜ 28 ነው። ከዚያም ደራሲው በእውነተኛው ኃይል ዘንድ ኩቦቹ ራሳቸው እንደሌሉና የሚቀረው ሒሳቡ ብቻ እንደሆነ ያስረዳል።

ምሳሌው ምስጋና የሚገባው ነው። ኃይል እንደ ዘይት ወይም እንደ እስትንፋስ በነገሮች ውስጥ የሚመላለስ ረቂቅ ፈሳሽ አለመሆኑን፥ ይልቁንም የሚመጣጠን መዝገብ መሆኑን ከዚህ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ምሳሌ አናውቅም። ነገር ግን የእኛ ጠያቂ ላነሣው ነገር መልስ አይሰጥም፤ እንዲያውም ጥያቄውን ያብሰዋል። ከቆሻሻው ውኃ የወጣው ኩብ ታጥቦ እንደ ቀድሞው መጫወቻ ይሆናል። ኩብ ሁሉ እኩል ነውና። ኃይል ግን እንደዚያ አይደለም። ከምጣዱ ወጥቶ በወጥ ቤቱ አየር ውስጥ የተበተነው ሙቀት በመዝገቡ ላይ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ሁለተኛ እንጀራ ግን አይጋግርም። በእርግጥ ፋይንማን ራሱ በምዕራፉ ማብቂያ አካባቢ ለሥራ የሚበጀው ኃይል ምን ያህል ነው የሚለው ጉዳይ ሌላ ሕግ እንዳለው ጠቁሟል። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ የተዛመተው ምሳሌው እንጂ ማስጠንቀቂያው አይደለም። ሂሳችንም በደራሲው ላይ ሳይሆን ግማሹን ብቻ ቀድተው በሚያከፋፍሉት ላይ ነው።

የጎደለውን ግማሽ በአገራችን ነገር እንመስለው። አንድ አሞሌ ጨው ዓባይ ውስጥ ቢጣል ከጨዉ አንዲት ቅንጣት እንኳ ከዓለም አትጠፋም። ይሁን እንጂ በዚያ ጨው ወጥ የሚያጣፍጥ ማንም የለም። የጠፋው ጨዉ ሳይሆን መሰብሰቡ ነው። ኃይልም ሲሰበሰብ ይሠራል፤ ሲበተን አይሠራም። መበተን በራሱ ይሆናል፤ መሰብሰብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ሳዲ ካርኖ የእንፋሎትን ሞተር ሲመረምር በ1824 የጀመረው፥ ክላውዚዩስም በ1865 «ኤንትሮፒ» ብሎ ስም ያወጣለት ይህ ነው። ምሳሌያችን የሚሰበርበትን ቦታ ደግሞ መናገር አለብን፤ ጨው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፤ ኃይል ግን የሚያዝ ነገር ሳይሆን የነገሮች ሁኔታ ነው።

ስለዚህ «ኃይል ቆጥቡ» የሚለው ምክር በቃሉ ሲመረመር ስሕተት፥ በፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። የምንቆጥበው ኃይልን ሳይሆን የተሰበሰበውን ኃይል ነው። «ፍጆታ» የሚለው ቃልም እዚህ ላይ እውነቱን ይናገራል፤ የሚፈጀው መሰብሰቡ ነውና።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ከእንጦጦ ተራራ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እናስብ። 30 ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 125 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። በሦስት ጉልቻ በተከፈተ እሳት ላይ ሲነድ ግን ወደ ድስቱ የሚገባው ከመቶው 10 እስከ 15 እጅ ነው። የቀረው ሁሉ ከጢሱ ጋር ይበተናል። «ኃይል አይጠፋም» የሚለውን ሕግ ለእነዚህ ሴቶች ሳያብራሩ መናገር ስላቅ ይሆናል። ሁለተኛውን ሕግ ማስረዳት ግን ጥቅም አለው፤ እሳቱን የሚከልል ምድጃ፥ ለምሳሌ «ምርጥ» እየተባለ የሚጠራው የእንጀራ ምድጃ፥ የማገዶውን መጠን እስከ ግማሽ ድረስ የሚቀንሰው አዲስ ኃይል ስለሚፈጥር ሳይሆን መበተኑን ስለሚያዘገይ ነውና። ከሁለት ጉዞ አንዱን ማስቀረት ማለት ነው።

፬. ስለ ድንጋዩና ስለ አንስታይን

ሦስተኛው ጥያቄ በ1905 አንስታይን ካሳተመው ውጤት ይነሣል። የአንድ ነገር መጠነ ቁስ (በተራ አነጋገር ክብደቱ የምንለው) በብርሃን ፍጥነት ካሬ ሲባዛ የኃይሉን መጠን ይሰጣል። በዚህ ሒሳብ 1 ግራም ወደ 25 ጊጋዋት ሰዓት ይሆናል። ግድቡ በዓመት ሊያመነጭ የታቀደው ኃይል ሁሉ ቢመዘን 630 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው፤ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጠያቂው ይህን ሲሰማ መንገድ ዳር ወዳለው ድንጋይ ዞሮ ቢመለከት ምን ይደንቃል?

እዚህ ላይ በብዙ ጽሑፎች የሚሰጠው መልስ እንዲህ ነው፤ ተራ እሳት ቁስን ወደ ኃይል አይለውጥም፥ አቶም ሲከፈል ግን ቁስ ወደ ኃይል ይለወጣል። ይህ መልስ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ነው። በመጀመሪያ፥ ቀመሩ ለከሰልም ለዩራንየምም እኩል ይሠራል። አንድ ኪሎ ከሰል ነዶ ሙቀቱ ሲበተን፥ አመዱና ጢሱ ሁሉ ቢሰበሰብና ቢመዘን ከከሰሉና ከበላው አየር ድምር ይጎድላል፤ ጉድለቱ አንድ ግራም ለ3,000,000 ቢከፈል ከሚደርሰው አንዱ እጅ ያህል ስለሆነ ግን ሚዛን አይደርስበትም። አንድ ኪሎ ዩራንየም 235 በሙሉ ሲከፈል ደግሞ የሚጎድለው 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመጠን ነው እንጂ የዓይነት አይደለም። በሂሮሺማ ላይ በነሐሴ 1945 ከተማውን ያጠፋው ኃይል ከግራም በታች የሆነ መጠነ ቁስ ልክ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። አቶሙ ሲከፈል የጠፋ ቅንጣት የለም። በአቶሙ እምብርት የነበሩት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ተቈጥረው ሁሉም ይገኛሉ። የተለወጠው የተሳሰሩበት ሁኔታ ነው፤ ጠንክረው ሲተሳሰሩ ድምራቸው ይቀልላል፥ የቀለለውም በሙቀት መልክ ይወጣል። ስለዚህ ለድንጋዩ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ከዚህ ይከተላል። ከቁስ ልናገኝ የምንችለው በሁለት አተሳሰሮች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው እንጂ የቁሱን ጠቅላላ ሀብት አይደለም። ድንጋይ በአብዛኛው ኦክስጅንና ሲሊከን ነው። ከእነርሱ የሚገኘው ልዩነት ትንሽ ሲሆን፥ ያም የሚወጣው በታላላቅ ኮከቦች እምብርት፥ ሙቀቱ በቢሊዮን ዲግሪ በሚቈጠርበት ቦታ ነው። ከከሰሉ ጋር ስናስተያየው ድንጋዩ ሀብታም ቢሆንም ሣጥኑ የተቈለፈ ነው፤ ከሰሉ ድሃ ቢሆንም በክብሪት ይከፈታል። ለኑሮ የሚጠቅመው የሀብቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የቁልፉ መገኘት ነው።

አንስታይንና ኢንፌልድ በ1938 ለሕዝብ ባሳተሙት የፊዚክስ ዕድገት ታሪክ ላይ ኃይልና መጠነ ቁስ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አለመሆናቸውን ያለ ቀመር ብዛት አስረድተዋል። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ድረስ በግልጽነቱ የሚመሰገን ነው። የታተመው ግን የዩራንየም መከፈል በሀንና በሽትራስማን ሙከራ በተገኘበት ዓመት ነው፤ ትርጉሙን ማይትነርና ፍሪሽ የገለጡትም በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ስለ ቁልፉ ሊናገር አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ግን ይህ ምክንያት የላቸውም። ከ1945 በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ጽሑፎች የቦምቡን ፎቶግራፍና ቀመሩን ጎን ለጎን አቁመው ሲያስደንቁን፥ በመካከላቸው ያለውን የአተሳሰር ጉዳይ ዘለውታል። መደነቅ የትምህርት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ የትምህርት ምትክ ግን አይሆንም።

፭. ስለ ባዶው ጠፈር

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ነጻ ኃይል የሚሰጥ መኪና ሠርተናል እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ የሚጠጉት ይህንን ነው። አዲሱ ፊዚክስ እንደሚያስተምረው ጠፈር ባዶ ሲሆን እንኳ ፈጽሞ ጸጥ አይልም፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ሁኔታም ቢሆን ዜሮ ያልሆነ ኃይል ይጻፍለታል። ካሲሚር በ1948 በዚህ ምክንያት ሁለት የብረት ገበታዎች በባዶ ስፍራ እጅግ ቢቀራረቡ እንደሚሳሳቡ በስሌት አሳየ፤ በ1997ም በጥሩ ልክ ተረጋግጧል። እንግዲህ ነገሩ ተረት አይደለም።

ታዲያ ለምን አይቀዳም? መልሱ «ዝቅተኛ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የዳናኪል ረባዳ ምድር ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚያ የተኛ ውኃ ውኃነቱ አልጎደለም፤ ወፍጮ ለማዞር ግን ከእርሱ የባሰ ዝቅተኛ ቦታ መኖር አለበት። ከሌለ ውኃው የፈለገውን ያህል ቢበዛ አያዞርም። ባዶው ጠፈርም የኃይል ሁሉ ረባዳ ነው፤ ከእርሱ ወደ ታች የሚወርድበት የለም። ገበታዎቹ ሲቀራረቡ ጥቂት ሥራ ይሠራሉ፤ መልሶ ለማራራቅ ግን ቢያንስ ያንኑ ያህል መክፈል ግድ ነው። ይህ ምሳሌም ድንበር አለው፤ ዳናኪልን ከሌላ ስፍራ ጋር ማስተያየት እንችላለን፥ ከጠፈር ውጪ ግን የምናስተያይበት ሌላ ስፍራ የለም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የምንነቅፈው «ተፈጥሮ ኃይል ለአጭር ጊዜ ታበድራለች» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ነው። ሃይዘንበርግ በ1927 ባወጣው የእርግጠኛ አለመሆን ሕግ ላይ ተመሥርቶ የተነገረ ነው። አነጋገሩ ይጥማል፤ ብድርን የማያውቅ ማን አለ? ነገር ግን ሊቃውንቱ ስሌቱን በሚሠሩበት ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ የኃይሉ ሒሳብ ይመጣጠናል፤ የተበደረም ያበደረም የለም። የብድሩ ታሪክ የስሌቱ ትርጉም ሳይሆን ለማስታወስ የተሠራ ሥዕል ነው። ጠያቂው ሥዕሉን እንደ እውነት ከተቀበለው ወዲያው ቀጥሎ «ታዲያ ተበድሮ አለመክፈል አይቻልም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብልህ ጥያቄ ነው። ወደዚያ የመራው ግን መላሹ ነው።

፮. አዲሱ ፊዚክስ በእውነት የሚገባበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ ነቀፋ በኋላ አዲሱ ፊዚክስ ለኑሮ ምንም አይፈይድም የሚል አሳብ እንዳያድር እንፈልጋለን። በየገጠሩ ጣራ ላይ የሚታየው የፀሐይ ሰሌዳ የዚሁ ትምህርት ልጅ ነው። ፕላንክ በ1900፥ አንስታይን በ1905 ብርሃን ኃይሉን የሚሰጠው በተቈራረጠ መጠን መሆኑን ባያሳዩ ኖሮ የሰሌዳው አሠራር አይገባንም ነበር። «ሰሌዳው የፀሐይዋን ኃይል ሁሉ የማይወስደው ለምንድር ነው?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ ከዚያው ነው። ለሲሊከን የብርሃኑ ቍራጭ ትንሽ ከሆነ ምንም ሳያደርግ ያልፋል፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሾክሊና ክዋይሰር በ1961 በዚህ መንገድ አስልተው ድንበሩን ወሰኑት፤ በዛሬው ሒሳብ ለአንድ ንብር ሰሌዳ ከመቶ 33 እጅ ያህል ነው። የአስተማሪው ጊዜ አጭር ከሆነ ከድመት ተረትና ከጠፈር ብድር ይልቅ በዚህ ቢጀምር እንመርጣለን።

፯. ማጠቃለያ

ከተመለከትናቸው መልሶች ሦስት ዓይነት ጉድለት አይተናል። አንደኛው ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ነው። ሁለተኛው ምሳሌን ሰጥቶ ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ አለመናገር ነው። ሦስተኛው ቁጥርን ያለ መለኪያው፥ መደነቅን ያለ ምክንያቱ ማቅረብ ነው። ሦስቱም የእውቀት ማነስ ውጤቶች አይደሉም፤ ብዙ የሚያውቁ ሰዎችም ይሠሩአቸዋል። የሚመጡት ጠያቂውን እንደ ሕፃን ከመቁጠር ነው።

ለማረምም ብዙ አያስፈልግም። በአማርኛ ስለ ኃይል የሚጽፍ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቃላቱን ይወስን፤ ዋትን ከኪሎዋት ሰዓት ይለይ፤ ለምሳሌው ሁሉ ድንበር ያብጅ፤ ቁጥሩንም ወደ ምጣድ፥ ወደ በርሜል፥ ወደ ሸክም እንጨት ያውርደው። ስለ ኑክሌር ጣቢያም ሆነ ስለ ግድብ ሲጻፍ ከአድናቆቱ በፊት «ስንት ኪሎዋት ሰዓት፥ በስንት ገንዘብ፥ ለማን?» የሚለው መልስ ያግኝ።

«የማይጠፋ ከሆነ ለምን እንቆጥባለን?» ያለው ሰው ሁለቱን የሙቀት ሕጎች ሳያውቃቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር አጋጭቷቸዋል። ሊቃውንቱ ሁለቱን ሕጎች ለማስታረቅ ከካርኖ እስከ ክላውዚዩስ 40 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። እንዲህ ያለውን ጠያቂ «አይገባህም» ብሎ መመለስ ተገቢ ነው አንልም።